የቤት ሳተላይት ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ፦ ዲኤንኤስ የሚቀየረው መቼ ነው?

ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ከሰው የሚመጣው የመጀመሪያ ምክር ብዙ ጊዜ «ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 (የጉግል ዲኤንኤስ) አድርገው» የሚል ነው። ምክሩ አንዳንዴ ይሠራል። በሳተላይት መስመር ላይ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እንዲያውም በአንዳንዱ አገልግሎት ዲኤንኤስ መቀየር ነገሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ መነካካት።

ዲኤንኤስ ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ የጻፉትን የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር አድራሻ መቀየር። አድራሻው ከተገኘ በኋላ ፊልሙም ፋይሉም የሚመጣው በቀጥታ ከባለቤቱ ሰርቨር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዲኤንኤስ የለበትም። ገጹ ለመከፈት ቆይቶ፣ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን ፈጠን የሚል ከሆነ ዲኤንኤስን መጠርጠር ተገቢ ነው። ገጹ ቶሎ ተከፍቶ ቪዲዮው በየመሐሉ የሚቆም ከሆነ፣ ወይም የሚወርደው ፋይል 2 ሜጋቢት ላይ ተቸንክሮ ከቀረ፣ የፈለጉትን ዲኤንኤስ ቢያስገቡ አብዛኛውን ጊዜ ለውጥ አያገኙም።

ከታች የሚመጡትን ትዕዛዞች በአማርኛ እንደሚነበቡት ጽፈናቸዋል። ኮምፒውተሩ ላይ የሚተየቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

የእርስዎ መስመር የትኛው ነው?

የሳተላይት ኢንተርኔት ሁሉ አንድ አይደለም። በአሜሪካ ገጠር የሚታወቁት ሂዩዝኔት እና ቪያሳት የሚሠሩት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ርቀው፣ ከታች ሲታዩ አንድ ቦታ የቆሙ በሚመስሉ ትልልቅ ሳተላይቶች ነው። ምልክቱ ከቤትዎ ወጥቶ በሳተላይቱ በኩል ምድር ጣቢያው ላይ እስኪያርፍ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ መልሱ ሲመጣም ሌላ ሩብ ሰከንድ። የመሣሪያዎቹ የራሳቸው ሥራ ሲታከልበት ደርሶ መልሱ 600 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ ይሆናል። ይህን የሚያሳጥር ሴቲንግ የለም።

ስታርሊንክ ደግሞ 550 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ሳተላይቶችን ስለሚጠቀም ደርሶ መልሱ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 60 ሚሊሰከንድ ነው። ምልክቱ ከዋናው ኢንተርኔት ጋር የሚገናኝበት ማዕከል ካሉበት አገር ውጭ ከሆነ ግን ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ኬንያ ውስጥ አገልግሎቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የተጠቃሚው ትራፊክ ሌላ አገር ዞሮ ነበር የሚወጣው፤ ቁጥሩ የወረደው በ2025 መጀመሪያ ላይ ናይሮቢ የራሷን ማዕከል ካገኘች በኋላ ነው።

ይህን መለየት ያስፈለገው 600 ሚሊሰከንድ በሂዩዝኔት ጤና፣ በስታርሊንክ ግን በሽታ ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክርም በሁለቱ ይለያያል።

ከቅርብ ወደ ሩቅ መለካት

ከተቻለ ኮምፒውተር ይጠቀሙ። በዊንዶውስ ፍለጋው ላይ «ሲኤምዲ» ብለው ጥቁሩን መስኮት ይክፈቱ፤ በማክ «ተርሚናል» ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለአምስት ደቂቃ ቪዲዮውን እንዲያቆም ይንገሩ፤ ያለዚያ የሚለኩት መስመሩን ሳይሆን የልጆቹን ዩቲዩብ ነው።

መለኪያው ፒንግ ነው፤ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል። መጀመሪያ ራውተሩን ይጠይቁ። በስታርሊንክ ራውተር «ፒንግ 192.168.1.1» ብለው ኢንተር ይጫኑ። የሌላ ኩባንያ ራውተር ከሆነ አድራሻው ከጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ካልሆነም በኮምፒውተሩ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ «ጌትዌይ» ከሚለው ጎን አለ። ዊንዶውስ በራሱ የሚልከው 4 ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ምንም አያሳይም። 100 ጊዜ እንዲልክ ከ«ፒንግ» በኋላ ክፍት ቦታ ትተው ሰረዝና ኤን የምትባለውን ፊደል አጣብቀው ይጻፉ፤ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ 100፣ ክፍት ቦታ፣ በመጨረሻም አድራሻው። ማክ ግን «ኮንትሮል»ና ሲ አብረው እስኪጫኑ ድረስ መላኩን አያቆምም።

መልሱ ከ1 እስከ 5 ሚሊሰከንድ ከሆነ የቤቱ ዋይፋይ ጥሩ ነው። አንዱ 3፣ ቀጥሎ 180፣ ቀጥሎ «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» የሚል ከሆነ ግን ሳተላይቱን መውቀስ አይቻልም። ይህ ፒንግ ከቤትዎ አልወጣም፤ ችግሩ በእርስዎና በራውተሩ መካከል ነው። ወደ ጣሪያ ከመውጣት በፊት ይህች ሁለት ደቂቃ የማትፈጅ ሙከራ ብዙ ልፋት ታስቀራለች።

ቀጥሎ «ፒንግ 1.1.1.1» ይበሉ፤ እዚህም 100 ጊዜ። አድራሻው ክላውድፍሌር የሚባል ኩባንያ ሰርቨር ነው። ይህ በዲኤንኤስ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ቁጥር አድራሻ ስለሚሄድ የሳተላይቱን መስመር ለብቻው ያሳያል። ጠፍቶ የቀረው ከ1 ወይም ከ2 በመቶ ካልበለጠ ጤናማ ነው። በስታርሊንክ ላይ ቁጥሩ በየ15 ሰከንዱ ዘለል ሲል ቢያዩ አይደንግጡ፤ መረቡ ዲሹን የትኛው ሳተላይት እንደሚያገለግለው የሚደለድለው በየ15 ሰከንዱ ነው። ድልድሉ የሚለወጠው ከየደቂቃው በ12ኛው፣ በ27ኛው፣ በ42ኛውና በ57ኛው ሰከንድ ላይ ስለሆነ፣ ሰዓት ይዞ የተመለከተ ሰው የቁጥሩን መዝለል በዓይኑ ያየዋል።

በሦስተኛ ደረጃ ስም ይጠይቁ፦ «ፒንግ ዊኪፔዲያ.ኦርግ»። 1.1.1.1 እየመለሰ ስሙ ላይ «ኩድ ኖት ፋይንድ ሆስት» ካለ የዲኤንኤስ ችግር ተረጋገጠ። ሁለቱም ከጠፉ ጥፋቱ ከዲኤንኤስ በታች ነው፤ ወደ ኬብሉና ወደ ዲሹ ክፍል ይለፉ። ሁለቱም በደህና እየመለሱ አንድ ድረ ገጽ ብቻ እምቢ ካለ፣ ያንኑ ገጽ በስልክዎ የሞባይል ዳታ ይሞክሩት። እዚያም ካልተከፈተ ጉዳዩ የገጹ ባለቤት ነው።

ዋይፋዩ ላይ የወደቀ ጥርጣሬ

የስታርሊንክ መተግበሪያ ውስጥ ያለው የፍጥነት መለኪያ «አድቫንስድ» የሚል ክፍል አለው። ሁለት ቁጥር ለየብቻ ያወጣል፤ ከስልክ እስከ ራውተር ያለውን እና ከራውተር እስከ ኢንተርኔት ያለውን። ሁለተኛው 150 ሆኖ የመጀመሪያው 12 ከሆነ መልሱ ተገኘ። በሌላ አገልግሎት ኮምፒውተሩን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክቶ መለካት ያንኑ ይነግርዎታል።

ራውተሩ ከወለል ከፍ ብሎ በቤቱ መሐል ይቀመጥ። ቆርቆሮ፣ ትልቅ መስታወት፣ ፍሪጅ፣ የውሃ ጋንና በብረት የታሰረ የኮንክሪት ግድግዳ ምልክቱን ይበሉታል። 5 ጊጋኸርዝ ይፈጥናል፣ ግድግዳ ግን አይወድም፤ 2.4 ሩቅ ይሄዳል፣ ጎረቤት ሲበዛበት ግን ይታፈናል። ቻናል የሚያስመርጥ ራውተር ካለዎት በ2.4 ላይ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ሌላ አይምረጡ፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ።

ኬብል ሲጠቀሙ ፍጥነቱ በየትኛውም ሰዓት ከ92 እስከ 95 ሜጋቢት ላይ ግድግዳ የመታ ከመሰለ፣ ኬብሉ በ100 ሜጋቢት ደረጃ ነው የተገናኘው። ለጊጋቢት ስምንቱም ቀጫጭን ሽቦዎች መገናኘት አለባቸው፤ ከስምንቱ አንዱ ጫፉ ላይ ከላላ ወይም አይጥ ከነከሰው መሣሪያዎቹ ሳይናገሩ በአራቱ ብቻ ይቀጥላሉ። ኬብሉን በሌላ ይቀይሩና እንደገና ይለኩ።

ዲኤንኤሱን በደንብ መመርመር

እዚህ የደረሱት ሦስተኛው ሙከራ ስለወደቀ ወይም ገጾች ሲከፈቱ ብቻ ስለሚዘገዩ ከሆነ፣ አሁንም ቶሎ አይቀይሩ። የአሁኑ ዲኤንኤስ ምን ያህል እንደሚዘገይ ይወቁ።

በዊንዶውስ «ኤንኤስሉክአፕ ዊኪፔዲያ.ኦርግ» ይበሉ፤ ትዕዛዙ አንድ ቃል ሆኖ ይጻፋል። ከላይ «ሰርቨር» ብሎ የሚያሳየው መልሱን የሰጠው ማን እንደሆነ ነው። 192.168.1.1 ካለ ራውተሩ ራሱ በመሐል ሆኖ እየጠየቀልዎት ነው ማለት ነው። ቀጥለው ያንኑ ትዕዛዝ ይጻፉና መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ ትተው 1.1.1.1 ይጨምሩ፤ አሁን ጥያቄው ራውተሩን አልፎ በቀጥታ ይሄዳል። የመጀመሪያው «ታይምአውት ዎዝ 2 ሰከንድስ» እያለ ሁለተኛው ወዲያው ከመለሰ፣ የደከመው የራውተሩ ዲኤንኤስ ነው። ራውተሩን ከሶኬት ነቅለው 30 ሰከንድ ቆይተው ይመልሱትና እንደገና ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ይነቃል።

ማክና ሊነክስ ላይ «ዲግ» የተሻለ ነው፤ ጊዜውንም ይቆጥራል። «ዲግ ዊኪፔዲያ.ኦርግ» ብለው ከታች «ኩዌሪ ታይም» የሚለውን ያንብቡ። ሁለት ጊዜ ይጠይቁ፦ የመጀመሪያው 70፣ ሁለተኛው 2 ሚሊሰከንድ ቢሆን ራውተሩ መልሱን ይዞ አስቀምጧል ማለት ነው፤ ደህና ነው። ከሌላ ሰርቨር ጋር ለማወዳደር በስሙ ፊት @1.1.1.1 ወይም @8.8.8.8 ያስገቡ። በየጊዜው አዲስ ስም ይጠቀሙ፤ ያለዚያ የሚለኩት የተቀመጠውን መልስ ነው። ልዩነቱ 10 ወይም 20 ሚሊሰከንድ ብቻ ከሆነ መቀየሩ አያዋጣም፤ ዓይን አይለየውም።

መቀየር ካለበት የሚቀየረው ራውተሩ ላይ እንጂ በየስልኩ አይደለም። በስታርሊንክ መተግበሪያ «ሴቲንግስ» ውስጥ ወደ ራውተሩ ክፍል ይግቡ፤ «ከስተም ዲኤንኤስ» የሚለውን አብርተው ሁለቱን አድራሻዎች ያስገቡና ያስቀምጡ። ምርጫው በእርስዎ ራውተር ላይ ከሌለ በየመሣሪያው መሥራት ግድ ይሆናል። የክላውድፍሌር አድራሻ 1.1.1.1 እና 1.0.0.1 ነው፤ የጉግል 8.8.8.8 እና 8.8.4.4፤ የኳድ9 ደግሞ 9.9.9.9። ልጆች ላሉበት ቤት የክላውድፍሌር 1.1.1.3 ቫይረስ ያለባቸውንና ለአዋቂ ብቻ የሆኑ ገጾችን ያግዳል፤ ተጓዳኙ 1.0.0.3 ነው። ሁለተኛውን ሳጥን በሌላ ኩባንያ አድራሻ አይሙሉት። ብዙ ሰው ሁለተኛው የሚሠራው የመጀመሪያው ሲወድቅ ብቻ ይመስለዋል፤ መሣሪያዎች ግን እንደመጣላቸው ከሁለቱም ይጠይቃሉ። 1.1.1.3 እና 8.8.8.8ን አብሮ ያስገባ ሰው ማጣሪያው አንዴ ይዞ አንዴ ሲለቅ እያየ ምክንያቱ ሳይገባው ይከርማል።

የትኛው ይመረጥ? ለሳተላይት የሚያስፈልግ አንድ ልዩነት አለ። ትልልቆቹ የቪዲዮ ድርጅቶች ቅርብ የሆነውን ሰርቨራቸውን የሚመርጡልዎት ስሙ ሲጠየቅ ነው። የጉግል 8.8.8.8 የአድራሻዎን የመጀመሪያ ክፍል አብሮ ስለሚልክላቸው የት እንዳሉ መገመት ይችላሉ፤ የክላውድፍሌር 1.1.1.1 ለግል ምስጢር ሲል አይልክም፣ እነሱም የሚገምቱት ከክላውድፍሌሩ ሰርቨር ቦታ ነው። የስታርሊንክ ትራፊክዎ በሌላ አገር በኩል የሚወጣ ከሆነ ይህ አንዳንዴ ሩቅ ሰርቨር ላይ ይጥልዎታል። ስለዚህ ዲግ ላይ የፈጠነው ሁልጊዜ አሸናፊ አይደለም። አንዱን ምሽት በአንዱ፣ ቀጣዩን በሌላው ሆነው የሚያዩትን ቪዲዮ ራሱን ይመልከቱ።

ከቀየሩ በኋላ የድሮው መልስ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስላለ ያጽዱት። በዊንዶውስ «አይፒኮንፊግ»፣ ክፍት ቦታ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመች ሰረዝ፣ ከሷ ጋር አጣብቀው «ፍለሽዲኤንኤስ»። ስልክ ከሆነ የአውሮፕላን ሁነታውን አብርቶ ማጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ቀይሬው ምንም አልተለወጠም

ይህ የሚደርስባቸው ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም ከራውተሩ በላይ ሌላ የሚያዝ አለ።

አንዱ አይፒቪ6 የሚባለው አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት ነው። ስታርሊንክ አሮጌውንም (አይፒቪ4) አዲሱንም ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ላይ የአይፒቪ4ን ዲኤንኤስ ብቻ ከቀየሩ፣ በአይፒቪ6 በኩል የመጣው የድሮው ዲኤንኤስ በቦታው ይቆያል፤ ኮምፒውተሩም ብዙ ጊዜ የሚያስቀድመው እሱን ነው። በአይፒቪ6 ሳጥን ውስጥ የክላውድፍሌሩን 2606:4700:4700::1111 ወይም የጉግሉን 2001:4860:4860::8888 ያስገቡ። ሁለቱ ነጥቦች ተደጋግመው የተጻፉበት ቦታ ስህተት አይደለም፤ እንዳለ ይተየባል።

ሌላው የዲኤንኤስ ጥያቄን አመስጥሮ የሚልከው የአንድሮይድ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» ነው። በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፤ የሆነ ጊዜ ማስታወቂያ ለማገድ ተብሎ ስም ከተጻፈበት ራውተሩን ከነጭራሹ አይሰማም። ስሙ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ወይም ያ ሰርቨር ከተዘጋ ዋይፋዩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ምንም ገጽ አይከፈትም፤ ሰው ይህን አይቶ ዲሹ ተበላሸ ይላል። ለሙከራ «ኦፍ» ያድርጉት። ክሮምም «ዩዝ ሴክዩር ዲኤንኤስ» የሚል የራሱ ቁልፍ አለው፤ በ«ፕራይቬሲ ኤንድ ሴክዩሪቲ» ውስጥ ያገኙታል። በአይፎን ደግሞ ለአይክላውድ ፕላስ የሚከፍሉ ከሆነ «ፕራይቬት ሪሌይ» የሚባለው የሳፋሪን ጥያቄ በራሱ መንገድ ይወስዳል። ቪፒኤን ካበሩ ዲኤንኤሱም በቪፒኤኑ በኩል ነው የሚሄደው።

ሰዓትም አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱና ቀኑ የተሳሳተ አሮጌ ኮምፒውተር የተመሰጠረውን ዲኤንኤስም ሆነ ድረ ገጾቹን «አይታመኑም» ብሎ ይመልሳል። ይህ ከዲኤንኤስ ብልሽት ጋር መልኩ አንድ ነው፤ ቀኑን ማስተካከል ብቻ ይፈታዋል።

ሂዩዝኔት ወይም ቪያሳት ከሆነ ዲኤንኤሱን ባይነኩት ይሻላል

ሒሳቡን እንሥራው። ደርሶ መልሱ 600 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ ገጽ ለመክፈት ስሙን መጠየቅ አንድ ደርሶ መልስ፣ ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት መክፈት አንድ፣ ምስጢራዊ ቁልፍ መለዋወጥ ቢያንስ አንድ፣ ገጹን መጠየቅ ሌላ አንድ። የመጀመሪያዋ ፊደል ከመምጣቷ በፊት 2.4 ሰከንድ አለፈ። ገጹ ደግሞ ማስታወቂያውን፣ ሥዕሉንና ፎንቱን ከሌሎች ስሞች ስለሚያመጣ ያው ነገር ይደጋገማል።

አቅራቢዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ሞደሙ ውስጥ ማፋጠኛ አስቀምጠዋል። ቀደም ብለው የተጠየቁ ስሞችን እቤት ይዞ ይመልሳል፤ የግንኙነት መክፈቻውንም የሩቁን ሰርቨር መልስ ሳይጠብቅ እቤት ያስተናግዳል። ዲኤንኤሱን ወደ 1.1.1.1 ያዞረ ሰው እያንዳንዷን ጥያቄ 70 ሺህ ኪሎሜትር በላይ አስኪዶ ሌላውን ያህል መልሶ ያስመጣታል። በተመሰጠረ ዲኤንኤስ ደግሞ ከጥያቄው በፊት የግንኙነት መክፈቻና የቁልፍ ልውውጥ ይታከላል። በእነዚህ መስመሮች በየመሣሪያው ላይ ዲኤንኤስ «አውቶማቲክ» ይሁን፤ ፕራይቬት ዲኤንኤስና የክሮሙም ይጥፉ።

ቪፒኤን ከዚህም ይብሳል። ሁሉንም ነገር ጠቅልሎ ስለሚመሰጥር ማፋጠኛው ምንም አይታየውም። ያለ ማፋጠኛ ላኪው መልስ ሳያገኝ መላክ የሚችለው የተወሰነ መጠን ብቻ ነው፤ ይህ መጠን መስኮት ይባላል፤ 64 ኪሎባይት መስኮት በ600 ሚሊሰከንድ ቢካፈል 0.87 ሜጋቢት በሰከንድ ይመጣል። ዘመናዊ ኮምፒውተሮች መስኮቱን ያሰፉታል፣ ግን ቀስ በቀስ ነው የሚያሰፉት፤ አንድ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ሲጠፋም ይሸበሸባል። 50 ሜጋቢት ተከፍሎበት የሥራ ቪፒኤኑ ላይ 1 ወይም 2 የሚታየው ለዚህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከፈቀደ የቢሮው ገጾች ብቻ በቪፒኤን እንዲሄዱ፣ የቀረው በቀጥታ እንዲወጣ ያስደርጉ።

ኬብል፣ ዲሽና ሰማይ

1.1.1.1 ላይ የሚጠፋው ከበዛ ወደ ውጭ ይውጡ። በስታርሊንክ መተግበሪያው የመቋረጦችን ዝርዝር ከነምክንያታቸው ይይዛል። «ኦብስትራክትድ» የሚበዛ ከሆነ ዛፍ ወይም ግድግዳ ነው። መደበኛው ዲሽ 110 ዲግሪ ያህል ሰማይ ስለሚያይ ከጎን ያለ ባሕር ዛፍ ጫፉ ብቻ ቢገባም በየጥቂት ደቂቃው ለሰከንዶች ይቆርጣል። ለፊልም አይታወቅም፣ የቪዲዮ ስልክ ላይ ግን ፊት ይደርቃል። ዲሹን ካዘዋወሩ በኋላ ሰማዩን የሚጋርደውን ነገር የሚያሳየውን ካርታ ለማመን 12 ሰዓት ያህል ይጠብቁ። «ቡቲንግ» የሚደጋገም ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ይዩ፤ ዲሹ በአማካይ ከ75 እስከ 100 ዋት ይፈልጋል፣ ደካማ ኢንቨርተር ወይም ብዙ ዕቃ የተሰካበት ዲቫይደር ሲንገዳገድ እሱም ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሳል። የዲሹ ኬብል መሰኪያ ግማሽ ገብቶ የገባ ይመስላል፤ ነቅለው እስከ መጨረሻው ይግፉት።

በሂዩዝኔትና ቪያሳት ዲሹን በእጅ አያንቀሳቅሱ። ጥቂት ማዘንበል ምልክቱን ያጠፋዋል፣ መልሶ ማነጣጠር መለኪያ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። የሚቻለው ክቡን ኬብል ማየት ነው፦ ጠምዛዛውን መሰኪያ ፈተው ውስጡ ውሃ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ጫፉ ይቆረጥና በአዲስ ይተካ፤ ሲያጠብቁ በጣት ጠብቆ ከዚያ በመፍቻ ትንሽ ብቻ። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ለደቂቃዎች መዳከሙ ከመሣሪያው አይደለም፤ የሚጠቀሙበት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በዝናብ ጠብታ ይዋጣል። ዝናቡ ካባራ አንድ ሰዓት አልፎም ካልተመለሰ ግን መሰኪያው ውሃ ገብቶበት ይሆናል።

ሁሉም ደህና ሆኖ ቀስ ሲል

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ደግሞ ሌላ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ይለኩ። ንጋት ላይ 180፣ ማታ 20 ከሆነ ሰፈሩ ሞልቷል፤ የአንድ አካባቢ ተጠቃሚዎች የሚካፈሉት አንድ ሰማይ ነው። ናይሮቢና አካባቢዋ በኖቬምበር 2024 ስታርሊንክ አዲስ ደንበኛ መቀበል ያቆመው በዚህ የተነሳ ነበር። መፍትሔው ትልልቁን ማውረድ ለሌሊት ማቆየት ወይም ቅድሚያ ያለውን ጥቅል መግዛት ነው።

ጠዋትም ማታም እኩል ቀርፋፋ ከሆነ የዳታ ጥቅልዎን ይዩ። በሂዩዝኔት የወሩ ቅድሚያ ያለው ዳታ ሲያልቅ ፍጥነቱ በተለምዶ ከ1 እስከ 3 ሜጋቢት ይወርዳል፤ ቁጥሩ እዚያ መሐል ከሆነና ወሩ እየተገባደደ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

የቀረው የመጫኛ መጨናነቅ ነው። የስታርሊንክ ወደ ላይ የሚልከው አቅም ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 20 ሜጋቢት ስለሆነ፣ የሠርግ ቪዲዮ ወደ ጉግል ፎቶስ የሚጭን አንድ ስልክ ብቻውን ይሞላዋል። በዚያን ጊዜ «ፒንግ 1.1.1.1» ከ40 ወደ 400 ከዘለለ ያ ነው፤ የዲኤንኤስ ጥያቄዎችም በዚያው ወረፋ ስለሚቆሙ ገጽ ሁሉ የዘገየ ይመስላል። የፎቶ ማስቀመጫውን በቀን ያጥፉ። የራስዎ ራውተር ካለና «ኤስኪውኤም» የሚባል የዳታውን ወረፋ የሚያስተካክል ምርጫ ካለው፣ ማታ ካገኙት ዝቅተኛ የመጫኛ ቁጥር 80 በመቶ ገደማ ላይ ይገድቡት። በዚህ ምክንያት የስታርሊንኩን ራውተር ሥራውን ለእርስዎ ራውተር ወደሚተውበት «ባይፓስ» ካስገቡት የራሱ ዋይፋይ ይጠፋል፤ መመለሻውም ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ማስጀመር ብቻ ነው።

ለአቅራቢው መጻፍ ካስፈለገ «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» ብቻ ብለው አይላኩ፤ የሚመለስልዎት «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ነው። የ100 ፒንጉን ውጤት ለራውተሩና ለ1.1.1.1 ለየብቻ፣ በኬብል የተለካውን ፍጥነት ከነሰዓቱ፣ የመቋረጥ ዝርዝሩን ፎቶና ዲኤንኤሱ በየትኛውም መሣሪያ ላይ እንዳልተቀየረ ይጻፉ። ከመጻፍዎ በፊት የቀየሩትን ዲኤንኤስ በሙሉ ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት፤ ያለዚያ የመጀመሪያው መልስ እሱን መልሱት የሚል ይሆናል።